በጁላይ ቅጠሉን የሚያራግፍ የኦክ ዛፍ፦ የሚያውቅ ካለ ይርዳኝ

የማርታ አባት

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ሀበሻ ጎመን፣ ስለ ቃሪያና ስለ ጤና አዳም ነው። እኔ የመጣሁት ግን በዛፍ ጉዳይ ነው፤ የሚያውቅ ካለ አይለፈኝ።

የምኖረው ሚኒሶታ፣ ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን አኖካ ካውንቲ ውስጥ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ይህን ቤት ስንገዛ ባለቤቴን የማረካት ወጥ ቤቱ አይደለም፤ ጓሮው ውስጥ የቆሙት አራት ትልልቅ ኦኮች ናቸው። ገና ከመኪና ሳንወርድ "አድባር ያለው ግቢ ነው" አለች። በቃ፣ የዋጋው ክርክር እዚያው አለቀ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በሜይ መጨረሻ የትንሿ ልጃችን የማርታ ክርስትና ነበር። ድንኳኑን ስንዘረጋ የአንዱ ኦክ ሁለት ቅርንጫፎች አላስገባ አሉን። የባለቤቴ ወንድም መሰላል አስደግፎ ወጣና በእጅ መጋዝ ቆረጣቸው፤ የክንድ ውፍረት ቢኖራቸው ነው። መሰላሉን ስናወርድ ደግሞ ግንዱን ላጠውና የመዳፍ ስፋት ያህል ቅርፊት ይዞ ወረደ። ማንም ልብ አላለውም። ካህናቱ ደርሰዋል፣ ዶሮ ወጡ ሊወጣ ነው፤ ማን የዛፍ ቁስል ያያል?

ከጁላይ 4 በኋላ ነው ባለቤቴ "ያ ዛፍ አናቱ ምን ሆነ?" ያለችኝ። ቀና ብዬ ሳይ ጫፉ ላይ ያለው ቅጠል ነሐስ መስሏል። ሙቀቱ ነው ብዬ ውሃ ከፍቼበት አደርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ግማሹ ሄደ፤ አሁን በሦስተኛው ሳምንት አረንጓዴ የቀረው ከታች ያሉት ጥቂት ቅርንጫፎች ላይ ብቻ ነው። ቅጠሉ ይረግፋል። ትልቁ ልጄ ልክ እንደ ኦክቶበር ክምር ሠርቶ እየዘለለበት ነው። አንዱን ቅጠል አሁን በእጄ ይዤዋለሁ፦ ከጫፉ እስከ ወገቡ የተቆላ ቡና መስሏል፣ ከወገቡ እስከ መያዣው ደግሞ ደህና አረንጓዴ ነው። መሀሉ ላይ ያለው ድንበር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

አንድ የአትክልት ዕቃ መሸጫ ሄጄ ብጠይቅ ሻጩ ልጅ ሁለት ከረጢት ማዳበሪያ አሸክሞ ሰደደኝ። አንዱን በተንኩት፤ የተለወጠ ነገር የለም።

ምንድን ነው ይሄ? ይድናል? የቀሩት ሦስቱስ? ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ጎረቤቴ፣ ብቻዋን የምትኖር ባልቴት፣ ከእኔው ዛፍ ስድስት ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ አንድ ግዙፍ ኦክ አላት። ባሏ በሕይወት እያለ ከሥሩ የሠራላት አግዳሚ ወንበር ላይ ነው ጠዋት ጠዋት ቡናዋን የምትጠጣው። በእኔ ጦስ እሱ ቢደርቅ ምን ፊት ይዤ ሰላም እላታለሁ?

ዋርካ ሥር

ውሃ ጠምቶት ነው። የእኔም ሜፕል አምና እንዲሁ ሆኖ ነበር፣ ውሃ በደንብ ሲያገኝ ተመለሰ። ካልሆነ ጸበል ርጭበት 😀

ገመድና መጋዝ

ወንድሜ የማርታ አባት፣ ያልተከፈተውን ከረጢት መልሰህ ገንዘብህን ውሰድ። ውሃውንም ዝጋው። ዋርካ ሥር፣ ጸበሉ አይከፋም፣ ግን ከሜፕልህ ጋር አታወዳድረው።

እኔ ሴንት ፖል ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እንጀራዬን የበላሁት ዛፍ ላይ ተንጠልጥዬ ነው። ደጀን ተወልጄ ልጅ ሆኜ ባሕር ዛፍ ላይ ስወጣ አባቴ "ይሄ ልጅ መጨረሻው ዛፍ ላይ ነው" ይል ነበር፤ አልተሳሳተም። ሳላየው ፍርድ አልሰጥም፣ ግን የጻፍከው ነገር ሁሉ ወደ አንድ በሽታ ነው የሚያመለክተው፦ ኦክ ዊልት። በአማርኛ ስም ሲወጣለት አልሰማሁም። መንስኤው ፈንገስ ነው፤ የሳይንስ ስሙ ብሬትዚዬላ ፋጋሲያረም ይባላል። የድሮ መጻሕፍት ላይ ሴራቶሲስቲስ የሚል ስም ካገኘህ ያው እሱ ነው፣ በ2017 ነው ስሙ የተቀየረው።

መጀመሪያ የቅጠሉን ቅርጽ ንገረኝ። ጠርዙ ሹል ሹል ከሆነና በየጫፉ ጸጉር የመሰለ እሾህ ካለው ቀይ ኦክ ነው። እንደ ሕፃን ጣት ድቡልቡል ከሆነ ደግሞ ከነጮቹ ወገን ነው፤ እኛ ሰፈር ከነሱ የሚበዛው በር ኦክ የሚባለው ነው። ይሄ ልዩነት ዛፉ መሞትና መዳኑን የሚወስን ነው። ቀዩ በሽታው ከያዘው በሳምንታት ውስጥ ያልቃል። ነጩ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፣ አንዳንዱም ሸሽጎት ይኖራል። በር ኦክ በመሀል ነው።

ለምን እንደሆነ ለጀማሪ ሠራተኞቻችን የማሳየው ነገር አለ። የቀይ ኦክ ቁራጭ እንጨት፣ ስንዝር የምታህል፣ አንዱን ጫፏን ሳሙና የገባበት ውሃ ውስጥ ነክሬ በሌላው ጫፍ እነፋለሁ። አረፋ ይወጣል! የውሃ መተላለፊያ ቧንቧዎቹ ክፍት ናቸዋ። ነጩን ኦክ ጉንጭህ እስኪወጠር ብትነፋው ፍንክች አይልም፤ ቧንቧዎቹን ራሱ እንደ ቡሽ ወትፏቸዋል። የውስኪ በርሜል ከነጭ ኦክ የሚሠራው ስለማያንጠባጥብ ነው። ፈንገሱ የሚኖረው እነዚሁ ቧንቧዎች ውስጥ ነው፤ ከቅርፊቱ ሥር ባለው በአዲሱ እንጨት። በቀዩ ውስጥ መንገዱ ክፍት ስለሆነ ውሃው ይዞት ሽቅብ ይወጣል። ዛፉ ሲደነግጥ ቧንቧዎቹን መዝጋት ይጀምራል፣ ግን ይዘገያል፤ ሲዘጋ ደግሞ ጠላቱ ካለፈ በኋላ የራሱን ውሃ ነው የሚዘጋው። ከአናቱ የጀመረብህ ለዚህ ነው። ስለዚህ በሥሩ የቱንም ያህል ብታጠጣው ላይ አይደርስም።

አሁን ወደ ክርስትናው እንምጣ። ባለፈው ዓመት ሰመር በዚህ በሽታ የሞተ ቀይ ኦክ በአካባቢህ ይኖራል። በጸደይ ከእንዲህ ያለው ዛፍ ቅርፊት ሥር ፈንገሱ ግራጫ ምንጣፍ ያበቅላል፤ መሀሉ ላይ ደግሞ ትራስ የመሰለ ነገር ያብጥና ቅርፊቱን ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁ ላይ አፍንጫህን ብታደርግ ተጠንስሶ የተረሳ ጠጅ ይሸትሃል። አልቀለድኩም፣ ቆም ብለህ "ማነው የጠጣው?" ያሰኝሃል። ሽታውን የሚወዱ የሩዝ ፍሬ የማያክሉ ጥንዚዛዎች አሉ። እዚያ ምንጣፍ ላይ በልተው፣ ስፖሩ፣ ማለትም የፈንገሱ ዘር፣ ገላቸው ላይ ተለጥፎ ይነሣሉ። ሁለተኛው የሚወዱት ሽታ ምንድን ነው ብትለኝ፣ ገና የተቆረጠ ኦክ የሚያወጣው ፈሳሽ ነው። አማችህ ቆርጦ ከመሰላል ሳይወርድ ሊደርሱ ይችላሉ።

ለዚህ ነው ሚኒሶታ ውስጥ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ኦክ አይነካም የሚባለው። የግድ ከሆነ፣ ማለትም ንፋስ ከሰበረው ወይም መኪና ከላጠው፣ ቁስሉን ያኔውኑ መቀባት ነው፤ የቤት ግድግዳ ቀለምም ይሆናል። ሌላ ዛፍ ላይ ቁስል መቀባት ጥቅም የለውም እንላለን፤ ኦክ ላይ፣ በዚያ ወቅት፣ ብቻ ነው። አሁን ሄደህ ብትቀባው ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ለመቁረጥ ደህናው ጊዜ ከኖቬምበር እስከ ማርች ነው፤ ጥንዚዛ የለ፣ ምንጣፍ የለ።

ናሙና ሳታስመረምር ዛፍ እንዳታስቆርጥ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት በሽታ ክሊኒክ እዚሁ ሴንት ፖል ነው። የደረቀ ቅርንጫፍ ይዘህ ብትሄድ አይጠቅምም፤ ፈንገሱ በደረቀ ቅርንጫፍ ላይ ቶሎ ስለሚጠፋ አይበቅልላቸውም። ገና እየጠወለገ ካለ፣ አረንጓዴም ቡናማም ካለበት ቦታ፣ አውራ ጣት የሚወፍር ቅርንጫፍ ቁረጥ፣ ስንዝር ስንዝር አድርገህ ፕላስቲክ ውስጥ ክተት፣ በረዶ ባለበት የመጠጥ ሳጥን አድርገህ ውሰድ። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ከተውከው ፈንገሱ ይሞትና መልሱ "የለም" ይሆናል፣ አንተም በከንቱ ትደሰታለህ።

እመ ናሆም

ወንድም ገመድና መጋዝ፣ እግዜር ይስጥህ። እኔ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ነኝ። ቤታችን ፊት ለፊት መንገዱ ዳር ፒን ኦክ አለ፣ እሱም የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ይሆናል። ግን ኦገስት መጨረሻ ላይ ነው የሚጀምረው፣ ቅጠሉም ቶሎ አይረግፍም። አምናም፣ ካቻምናም በዚያው ቅርንጫፍ ላይ ነበር፤ ዘንድሮ ጨመረ። ቡናማውና አረንጓዴው መሀል ቢጫ ክር የመሰለ ነገር አለ። ጽሑፍህን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ፣ ያው በሽታ ነው እንዴ?

ገመድና መጋዝ

እህቴ እመ ናሆም፣ ተኚ። የአንቺ ሌላ ነው የሚመስለው። ኦክ ዊልት ቀይ ኦክን ሦስት ዓመት አያስታምምም፤ የፒን ኦክም ዘሩ ከቀዮቹ ነው። ኦገስት ላይ የሚጀምር፣ በየዓመቱ ወደዚያው ቅርንጫፍ የሚመለስ፣ ቢጫ ጠርዝ ያለው ከሆነ የባክቴሪያ ቅጠል ማቃጠል ነው የምጠረጥረው። እናንተ ሰፈር፣ ዋሽንግተን ዙሪያ፣ በጣም የታወቀ ነው። ባክቴሪያው ዛይሌላ ፋስቲዲዮሳ ይባላል። እሱም የውሃ ቧንቧ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ የዛፍ ውሃ የሚመጥጡ ጥቃቅን ፈንጣሪ ነፍሳት ናቸው ከዛፍ ዛፍ የሚያዞሩት። ዛፉን ቀስ አድርጎ፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ነው የሚበላው። ፈውስ የለውም። አንቲባዮቲክ በግንዱ በመርፌ የሚሰጥ አለ፣ ምልክቱን ያዘገያል፣ ግን በየዓመቱ ነው። መንገድ ዳር ከሆነ ዛፉ የከተማው ሊሆን ስለሚችል ገንዘብ ሳታወጪ ለነሱ ደውይላቸው። እስከዚያው የደረቀውን ቅርንጫፍ ማስወገድ፣ በድርቅ ጊዜ ውሃ መስጠት። ለአንቺ ዛፍ ውሃው ይረዳል።

የጅማ ልጅ

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። ዕፅዋት ሳይንስ ነው የተማርኩት፣ ሥራዬ ቡና ላይ ነው። ኦክ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ እኛ ጋ የለማ። እንግሊዞቹ "የሐር ኦክ" የሚሉት ግራቪሊያ እንኳ ኦክ አይደለም። ግን ጽሑፋችሁን ሳነብ የገዛ ማሳዬን ያየሁ መሰለኝ።

እኛ ጋ ቡናን አጠውልጎ የሚያደርቅ ፈንገስ አለ፣ የፉዛሪየም ዘር ነው። እሱም ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ውሃ ይዘጋል። በምን ይገባል? ገበሬው ከቡናው ሥር አረም በገጀራ ሲመነጥር ግንዱን ይነካዋል፤ በዚያ ቁስል። እንሰት አጠውልግ ደግሞ ባክቴሪያ ነው፤ በ1968 እ.ኤ.አ. ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ናቸው ምንነቱን ለይተው የጻፉት። የታመመውን በቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን መቁረጥ ዋና መተላለፊያው ነው። እኔ ብሆን የእናንተን "የኦክ አጠውልግ" ነበር የምለው።

ስለዚህ የማርታ አባት፣ ያ የእጅ መጋዝ በእሳት ይለብለብ ወይም በረኪና ይነከር፣ ከዚያ በፊት ሌላ ዛፍ እንዳትነካበት።

ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል፦ ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ድንገተኛ የኦክ ሞት የሚሉት አለ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሳንፍራንሲስኮ አካባቢ የታየ። እሱን የሚያመጣው ፋይቶፍቶራ ራሞረም ነው። ፈንገስ ይመስላል እንጂ ፈንገስ አይደለም፣ ከውሃ ሻጋታዎች ወገን ነው። በ1840ዎቹ አየርላንድን ያስራበው የድንች በሽታ የቅርብ ዘመዱ ነው። ቅጠል ላይ ተቀምጦ በዝናብና በጉም ነው የሚዛመተው። ይህን የማነሣው ኢንተርኔት ላይ "የኦክ በሽታ" ብላችሁ ስትፈልጉ ሦስቱም ተደባልቀው ስለሚመጡ ነው፤ ፈንገሱ፣ ባክቴሪያውና ይሄኛው። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራም።

ገመድና መጋዝ

የጅማ ልጅ፣ የገጀራው ነገር አስገረመኝ፤ አባቴም ቡና ሥር ይመነጥር ነበር። አንድ ነገር ግን ላርም። ኦክ ዊልት ላይ መጋዝ ማጽዳት አይጎዳም፣ እኔም አጸዳለሁ፣ ግን ዋናው መንገድ እሱ አይደለም። መጋዙን በረኪና ነክረው የልባቸው የደረሰ ሰዎች አይቻለሁ፣ ቁስሉን ሳይቀቡ ትተውት ሄደው። እኛ ጋ መንገዱ ሁለት ነው፦ አንዱ ጥንዚዛ በላይ፣ ሌላው ሥር በታች። ትልቁ ጥፋት ከታች ያለው ነው።

ቀይ ኦኮች ጎን ለጎን ከበቀሉ ሥሮቻቸው አፈር ውስጥ ተገናኝተው ይጣበቃሉ። መጣበቅ ስል መነካካት አይደለም፤ እንጨቱ አንድ ይሆናል፣ ውሃውም ከአንዱ ወደ ሌላው ይፈሳል። አኖካ ደግሞ አፈሩ አሸዋ ነው፣ ሥር እንደልቡ ርቆ ይሄዳል። ስለዚህ ስድስት ሜትር ላይ ያለው የጎረቤትህ ዛፍ ከአንተው ጋር በአንድ ገበታ የሚበላ ወንድሙ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ሥሩን መበጠስ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት የሚቀድ፣ እየተንቀጠቀጠ የሚሄድ ማረሻ የተገጠመለት ትራክተር አለ። በታመመውና በጤነኞቹ መሀል መስመር ይቀዳል፤ አፈሩን አያወጣም፣ እንደ ቢላዋ ሰንጥቆ ያልፋል። ከዚያ በፊት 811 ይደወላል፤ የጋዝና የመብራት መስመር ምልክት ያደርጉልሃል። ይህን ሳያደርግ የቀደደ ሰው አውቃለሁ፤ ሰፈሩ ሙሉ ሁለት ቀን ያለ ጋዝ አደረ።

እና እባክህ፣ ቅደም ተከተሉን አትሳት። ብዙ ሰው ሮጦ የታመመውን ዛፍ ይቆርጣል። ሥሩ ሳይበጠስ ዛፉን ከቆረጥክ የታመመው ሥር ባለቤት ያጣል፣ ጤነኛው ጎረቤት ደግሞ መሳቡን ይቀጥላል፤ ፈንገሱን ስበህ ሰጠኸው ማለት ነው። መጀመሪያ ማረሻው፣ ከዚያ መጋዙ።

መርፌም አለ። ፕሮፒኮናዞል የሚባል ፀረ ፈንገስ ነው፣ በዛፉ እግር ዙሪያ ቀዳዳ ተበስቶ በቱቦ ይገባል። ጤነኛ ቀይ ኦክን ይጠብቃል፤ የጠወለገ ቀይ ኦክን ግን አያስነሣም። በር ኦክና ነጭ ኦክ ከአናታቸው ከሦስት አንድ በታች ከሆነ የታመመው ሊያድን ይችላል። ደግሞ ለዘለዓለም አይደለም፣ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይደገማል፤ ከሥር ወደ ሥር የሚደረገውንም ጉዞ አያቆምም። "መርፌ ብቻ ይበቃሃል" የሚልህ ካለ ኪስህን ጠበቅ አድርግ።

የኦስቲን ነዋሪ

እኔ የምጽፈው ከቴክሳስ ነው፣ እኛ ጋም ይሄው ፈንገስ አለ፣ ጠባዩ ግን ሌላ ነው። የእኛ ኦክ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሚሆነው ላይቭ ኦክ ነው። ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ ያወጣል፣ ጫካ ያልከው ሁሉ ከታች አንድ ቤተሰብ ነው። በሽታው አንዴ ከገባ መንደር ለመንደር ነው የሚሄድ። ቅጠሉ ላይ ጅማቶቹ ብቻ ቢጫ ከዚያም ቡናማ ይሆናሉ፣ የዓሣ አጥንት የተሣለበት ይመስላል። እዚህ የሚከለከለው ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ጁን 30 መቁረጥ ነው፤ ቁስል ግን ዓመቱን ሙሉ ነው የምንቀባው። መኪናዬ ውስጥ ከጎማ መቀየሪያው አጠገብ ሁልጊዜ አንድ ቆርቆሮ የሚረጭ ቀለም አለ። ባለቤቴ ትስቅብኛለች።

የማርታ አባት

ወገኖች፣ የቆየሁት ውጤት ስጠብቅ ነው። ባላችሁኝ መሠረት ናሙናውን በበረዶ ሳጥን ወሰድኩ። መልሱ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ሲል መጣ፤ ብሬትዚዬላ ነው። ባለቤቴ አነበበችውና ምንም ሳትናገር ሄዳ ዛፉ ላይ እጇን ጭና ቆመች። የሚስቴ ወንድም እስካሁን ስልኬን አያነሣም፤ ይቅር ብየሃለሁ ብላችሁ ንገሩልኝ።

ቅጠሎቹን አየሁ። የታመመው ሹል ነው፣ ቀይ ኦክ። ከቀሩት ሁለቱም እንዲሁ። አራተኛው፣ ከጋራዡ ጀርባ ያለው፣ ድቡልቡል ነው፤ በር ኦክ መሆኑን የከተማው የዛፍ ባለሙያ መጥቶ አረጋገጠልኝ። በነጻ ነው የመጣው፣ ከተማው እንዲህ ያለ ሰው እንዳለው ሦስት ዓመት ስኖር አላወቅኩም። መንገዱን ተሻግሮ ሦስተኛው ግቢ ውስጥም ወሰደኝ። እዚያ አምና ደርቆ የቆመ ቀይ ኦክ አለ፣ ቅርፊቱ ተሰንጥቋል። ሽታው አሁን የለም፣ ወቅቱ አልፏል፤ ግን ስንጥቁ ውስጥ የጠቆረ የምንጣፍ ቅሪት አሳየኝ። ከእኛ ድንኳን መቶ ሜትር አይሞላም።

ጎረቤቴን ሄጄ ነገርኳት። ከእነ ቅርንጫፉ፣ ከእነ መሰላሉ፣ ሁሉንም። ዝም ብላ ሰማችኝና "ባለቤቴም በ1990ዎቹ አንድ ዛፍ እንዲሁ በጁን ቆርጦ ገድሏል" አለች። ከዚያ የማረሻውን ወጪ እኩል እንካፈል ብላ አስቸገረችኝ። መስመሩ በአጥሩ ሥር ያልፋል፣ 811 ቀይና ቢጫ ባንዲራቸውን ተክለው ሄደዋል፣ ማረሻው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ለእሷ ዛፍና ለቀሩት ሁለት ቀዮች መርፌ ይወጋሉ።

አሁን የቀረኝ የእንጨቱ ጉዳይ ነው። ኦክ ጥሩ ማገዶ ነው ይላሉ። አንድ የዊስኮንሲን ዘመዳችን ሙሉውን በትራክ ልውሰደው እያለኝ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ደግሞ ለመስቀል ደመራ እንጨት እያፈላለጉ ነው። ለማን ልስጥ?

ገመድና መጋዝ

ጎረቤትህ ጨዋ ናት፣ ዕድለኛ ነህ። ዛፉን በቁሙ ላውቀው እፈልጋለሁ፣ ቅዳሜ ቡና አፍሉልኝ።

ለዊስኮንሲኑ፦ አይሆንም። ዘመድም ቢሆን፣ ቢቀየምም። ኦክ ዊልት ከሥር ወደ ሥር በዓመት የሚሄደው ጥቂት ሜትር ነው፣ ጥንዚዛዋም ትንሽ ናት፤ በአንድ ቀን ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚጓዘው በትራክ ላይ በተጫነ ማገዶ ነው። ዘንድሮ በሰመር የሞተ ቀይ ኦክ ግንድ በሚመጣው ጸደይ ያንን ጠጅ የሚሸት ምንጣፍ ያወጣል፤ የሚያወጣው ዘመድህ ግቢ ውስጥ ይሆናል ማለት ነው።

ግንዱና ወፋፍራሙ ቅርንጫፍ እዚያው ግቢህ ይቅር። ሦስት ምርጫ አለህ። ወይ ቺፐር በሚባለው የእንጨት መፍጫ ማሽን ውስጥ አስገብተን እንፈጨዋለን፣ ሲፈጭ ይደርቃል፣ ፈንገሱም አይተርፍም። ወይ ቅርፊቱን እንልጠዋለን። ወይ ፈልጠህ ትከምርና ወፍራም ፕላስቲክ አልብሰህ ጠርዙን ዙሪያውን አፈር ውስጥ ትቀብረዋለህ፣ ከጸደይ በፊት ጀምሮ ሰመሩ እስኪያልቅ፤ አንዲት ቀዳዳ ሳትቀር። ዓመት ከሞላውና ቅርፊቱ ከለቀቀ በኋላ እንደማንኛውም ማገዶ ነው። ክረምቱን እቤትህ ምድጃ ውስጥ ብታነደውም ይቻላል፣ ጭሱ በሽታ አያዞርም፤ ግን ኤፕሪል ሳይገባ ማለቅ አለበት።

ደመራው ደስ አለኝ። ምንጣፉ የሚበቅለው ግንድና ወፍራም ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ ከሁለት ጣት ውፍረት በታች ያለው ቀጫጭኑ ምንም አያወጣም። ደመራ ደግሞ የሚፈልገው እሱኑ ነው፣ ረዘም ያለ ቀጭን እንጨት። ቤተ ክርስቲያኑ እዚያው ከተማችሁ ውስጥ ከሆነ፣ ከሁለት ጣት የወፈረ አንድም እንዳይደባለቅ እያያችሁ፣ መስከረም 16 ከማታው በፊት አድርሱት። ማረሻው ካለፈ በኋላ ነው ዛፉን የማወርደው። ቅርንጫፉን እኔው ለይቼ አስርላችኋለሁ።

የማርታ አባት

ቅዳሜ ቡናው አለ። አማቼንም ጠርቼዋለሁ፣ አንተን ፈርቶ ነው መሰለኝ እመጣለሁ አለ። የእጅ መጋዙን ይዞ እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ።